የሽማግሌው መያዣ

ጋሽ ሀብተማርያም «እንዴት ዋሉ?» ሲባሉ ስለ ጤናቸው የሚመልሱ ሰው አልነበሩም። የሚመልሱት ስለ ጠመንጃ ሕግ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በሚኖሩበት ሕንፃ ከእሳቸው ጋር ሊፍት የገባ አበሻ ሁሉ ፎቁ እስኪደርስ ሕገ መንግሥት ይማራል። ወጣቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ደረጃውን ይመርጣሉ። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር፣ ጉልበቴ ደረጃ ስለማይችል፣ ትምህርቱን ሳልወድ በግዴ ተከታትዬ ጨርሻለሁ።

ታሪካቸውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሕግ ተማሪ ሳሉ አብዮቱ ፈነዳና ትምህርቱ ሳያልቅ ቀረ። በሱዳን አድርገው አሜሪካ ገቡ። ዋሽንግተን መሃል አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥረው፣ ኋላም ኃላፊ ሆነው፣ ከዚያው ጡረታ ወጡ። አላገቡም። ይሄ ግን ባልና ሚስት ከማስታረቅ አላገዳቸውም፤ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ የተጣላ ባለትዳር ካለ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። ትዳር ሳይቀምሱ ስለ ትዳር መምከራቸው ሁልጊዜ ያናድደኛል። ፊት ለፊትም ነግሬያቸዋለሁ።

ወደ ሊፍቱ ትምህርት ስመለስ፣ ነገሩ ሁሉ በ1791 የጸደቀች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ይሉ ነበር። መጀመሪያዋ ስለ ሚሊሻ ያወራል፣ መጨረሻዋ ደግሞ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ አይነካም ይላል። ብዙ ዘመን ፍርድ ቤቶች ከፊት ጀምረው አነበቧት። በ1939 አፈሙዙ ስለተቆረጠ ጠመንጃ ክርክር ሲነሳ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄ መሣሪያ ከሚሊሻ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ አለፈው። በ2008 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዋሽንግተን ከተማ ሰው ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ እንዳይዝ ከልክላ ነበርና፣ አምስት ዳኞች ለአራት ሆነው ሕጓን ሻሩት፤ መብቱ የሚሊሻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ነው አሉ። የዚያን ዕለት ጋሽ ሀብተማርያም ሥራቸውን ጥለው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሄደው ቆሙ። ማታ ኬክ ገዝተው መጡ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር ኬኩን የበላላቸው የለም። በ2010 መብቱ ስቴቶችንና ከተሞችንም እንደሚያስር ተወሰነ። በ2022 ደግሞ ኒው ዮርክ ሽጉጥ ይዞ ለመውጣት ልዩ ምክንያት አምጡ ማለቷ ተሻረ፤ ከዚያ ወዲያ ማንኛውም የመሣሪያ ሕግ ከአገሪቱ ታሪክ ጋር መስማማቱን ማሳየት ግድ ሆነ። እኛ ሜሪላንድ ያለነውም ሕጋችን ተቀየረ። ጋሽ ሀብተማርያም ይህን ሲነግሩኝ እኔ የገበያ ዕቃዬ እየቀለጠ ነበር።

ጠመንጃ ወድደው እንዳይመስላችሁ። በዕድሜያቸው አንዲት ጥይት አልተኮሱም። እንዲህ የሚያደርጓቸው አባታቸው ናቸው። ከክብር ዘበኛ በሻምበልነት ጡረታ የወጡ፣ ጉለሌ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1969 ቀበሌ ቤት ለቤት መሣሪያ ሲያስስ፣ ሻምበሉ ምንሽሬን አላስረክብም አሉ። ሚስታቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት አንድ ጠዋት ልጃቸውን፣ ጋሽ ሀብተማርያምን፣ ጠርተው መሰላል አስያዙና ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልለው ከዕቃ ቤቱ ኮርኒስ በላይ አስገቡት። ቦታውን የሚያውቁት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። አሳሾቹ የመጡ ቀን ግን ሳሎኑን አልፈተሹም፣ አልጋ ሥርም አልጎነበሱም። ከበር እንደገቡ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «መሰላል አምጡ» የሚል ነበር። ሻምበሉን ከነጠመንጃቸው ወሰዷቸው። ሬሳቸውም አልተሰጠም።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሀብተማርያም እዚያው ዕቃ ቤት በር ላይ እንደቆሙ ናቸው። ማን ነገረ? አንድ ሰሞን ጎረቤቱን ይጠረጥራሉ፣ አንድ ሰሞን የቤት ሠራተኛዋን፣ አንድ ሰሞን ቤታቸው ይመጣ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸውን። ሲብስባቸው በእንቅልፌ ተናግሬው ይሆን ብለው ራሳቸውን ይጠረጥራሉ። በር ሲንኳኳ ፊታቸው ይለዋወጣል። ቤታቸው ያለው ወንበር ሁሉ ወደ በሩ የዞረ ነው። መንግሥት ከሰው ቤት መሣሪያውን ማውጣት ከጀመረ ቀጥሎ የሚያወጣው ሰውየውን ነው ይላሉ። ሕግ ብዙ አላውቅም፤ ይህን ሲሉ ግን ለመከራከር አንጀቴ አይችልም።

በ2024 ሰመር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ውሳኔ ሰጠ። ለቤተሰቡ ደህንነት ያሰጋል ብሎ ዳኛ በጥበቃ ትእዛዝ ያገደውን ሰው ለጊዜው መሣሪያ ማስፈታት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ፣ ስምንት ለአንድ። ጋሽ ሀብተማርያም ከተቃወመው ከአንዱ ዳኛ ጋር ወገኑ። በወንጀል ያልተፈረደበት ሰው እንዴት መብቱን ያጣል እያሉ ለሳምንታት ተብከነከኑ። የበፈቃዱና የትብለጥ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

በፈቃዱ ሊሙዚን ይነዳል። ተሳፋሪ ከዘረፈው በኋላ ሽጉጥ ገዛ፤ ቨርጂኒያ ስለሆነ ማንም ምነው አላለውም። ሚስቱ ትብለጥ ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች። አቢጊያ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻቸው። በፈቃዱ ሚስቱን መትቷት አያውቅም፤ ይህን ሁሉም ይመሰክርለታል። ሲጣሉ ሽጉጡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ምንም ሳይል ራቱን ይበላል። አንድ ቀን አቢጊያ የሒሳብ ሆምወርኳን ስትሠራ ደብተሯ ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ትብለጥ ፍርድ ቤት ሄደች።

ዳኛው የሁለት ዓመት የጥበቃ ትእዛዝ ሰጣት። በፈቃዱ ቤቱን እንዲለቅ፣ እንዳይቀርባት፣ መሣሪያውንም በአንድ ቀን ውስጥ ለፖሊስ እንዲያስረክብ፣ ወይም እንዲሸጥ፣ ወይም ሕግ ለማይከለክለው ሌላ ሰው እንዲሰጥ ታዘዘ። እኛ አበሾች ባንሆን ኖሮ ሽጉጡ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ መሣሪያ ሱቅ ይሄድ ነበር። በፈቃዱ ግን ሽጉጡን ጠቅልሎ ጋሽ ሀብተማርያም ዘንድ ይዞ ሄደ፤ አስታርቁኝ፣ ይሄ መያዣዬ ነው አላቸው። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ከሽማግሌ ቃል እንዳይወጣ መያዣ ያስይዛል። እርቁ ሲያልቅ መያዣው ይመለስለታል። ጋሽ ሀብተማርያም ሽጉጡ በመንግሥት እጅ ሳይወድቅ በመትረፉ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት።

ትብለጥ ሴት የሌለበት ሽምግልና አልቀበልም ስላለች እኔ ተጨመርኩ። ሦስተኛው የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ክፍሌ ናቸው፣ የታኮማ ፓርኩ። ለጋሽ ክፍሌ የተጣላ ሁሉ እንደ ተፈታ ቁልፍ ነው፤ ወደ ቀዳዳው ይመለስ እንጂ ሸሚዙ ከየትም ይቀደድ ግድ የላቸውም።

አንድ ቅዳሜ ሾርባ ይዤ ጋሽ ሀብተማርያም ቤት ብሄድ አልጋቸውን ሳሎን አውጥተውታል። መኝታ ቤቱ ተዘግቷል። ምን ሆነው ነው ብላቸው ሽጉጡ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ይሄን ሁሉ ዓመት የሰበኩለት መብት ቤትዎ ሲገባ ከአልጋዎ አስነሳዎት እንዴ አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፣ ሹካ ወድቆ ቢሰሙ ይበረግጋሉ። ጀርባዬን ሰጥቼው እንኳ የት እንዳለ ይሰማኛል አሉኝ። ዕቃውን አይደለም የፈሩት፣ ጥይቱም ለብቻው ነው የተቀመጠው። የፈሩት ምን እንደሆነ ራሳቸውም የሚያውቁት አልመሰለኝም። እኔም ፈራሁ፤ ሾርባውን አስቀምጬ ቶሎ ወጣሁ።

የእርቁ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትብለጥ ቤት ሆነ። በፈቃዱ መቅረብ ስለተከለከለ ፎልስ ቸርች አንድ ካፌ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ጋሽ ክፍሌ ጸልየው ጀመሩ። ልጅ አባት እንደሚያስፈልጋት፣ በፈቃዱ ፊታቸው እንዳለቀሰ፣ ፍርድ ቤት ትዳርን እንደማያውቅ ተናገሩ። የሚለምኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ ሄዳ ትእዛዙ ይነሳልኝ እንድትል። ሽጉጡም እኛው ዘንድ ነው፣ ምን ያሰጋሻል አሏት። ትብለጥ ደክሟታል። አቢጊያ በየቀኑ አባቴ የት ነው ትላለች፣ ዘመድ ሁሉ ይደውላል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሰው ይንሾካሾካል። እሺ ልትል መሆኑ ከትከሻዋ ያስታውቃል። ጋሽ ሀብተማርያም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፤ ትእዛዙን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። እኔ ግን አላስችል አለኝ። እሺ ከማለትሽ በፊት ከዚያ ዕቃ ጋር እንዴት እንደኖርሽ ንገሪያቸው አልኳት።

ትብለጥ ጣቶቿን እያየች ነበር የተናገረችው።

«የት እንዳለ ሁሌ አውቃለሁ። ኪችን ዕቃ ሳጥብ ጆሮዬ እዚያ ነው። ቦታ ሲቀይርበት ደግሞ ሥራ እስኪወጣ ጠብቄ ቤቱን በሙሉ እበረብራለሁ። ካላገኘሁት ምግብ አልበላም። አንዴ የኤሲው ቀዳዳ ውስጥ፣ እዚያ ላይ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አገኘሁት። እሱ እስከዛሬም የማላውቅ ይመስለዋል።»

ጋሽ ሀብተማርያም ቀና አሉ። «ማን ነገረሽ እዚያ እንዳለ?» አሏት።

«ማንም። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚገድለው ነገር የት እንዳለ ሳያውቅ እንዴት ይኖራል?»

ጋሽ ሀብተማርያም ዓይናቸው የኤሲው ቀዳዳ ላይ ቀረ። እኔ ልባቸውን አመማቸው ብዬ ተነስቼ ነበር። በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«በአሰሳው ዋዜማ» አሉ፣ «እናቴ ስኳር ልትቀበል ቀበሌ ሄዳ ነበር። ባዶ እጇን ተመለሰች። ማንም ስኳሩስ ብሎ አልጠየቃትም።»

ከዚያ በኋላ የነገሩንን ከዚያ በፊት ለማንም ነግረውት አያውቁም፤ ለራሳቸውም ጭምር ይመስለኛል። ሻምበሉ ሲናደዱ ምንሽሩን ያወርዱና ጥይት አጉርሰው ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጡ ነበር። አይተኩሱም። ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እናትየው ልጆቹን በጓሮ በር ጎረቤት ይልኩና እሳቸው ብቻቸውን እዚያው ይቆማሉ። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ይሄ የቤቱ ቀልድ ሆነ፤ ሻምበሉ ዛሬ ዘብ ላይ ናቸው ይባባሉ ነበር። ጠመንጃው ኮርኒስ ላይ የወጣ ዕለት እናትየው ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ልጃቸው አንድም ቀን ጠርጥሯቸው አያውቅም። አላየችም፣ ስለዚህ አታውቅም ብሎ ኖረ። ሽጉጡ ጋሽ ሀብተማርያም መኝታ ቤት ከገባ ወዲህ ግን ግድግዳ ተሻግሮ የሚሰማ ነገር መኖሩን በገላቸው አወቁት። ለዚያ ስሜት ቃል የሰጠችው ትብለጥ ናት።

«ሀብቴ፣ ምን እያልክ ነው?» አሉ ጋሽ ክፍሌ።

«እናቴ ናት የነገረችው።»

ጋሽ ክፍሌ ወሬውን ወደ ጉዳዩ ለመመለስ ሞከሩ። ያለፈው አልፏል፣ አሁን ይህቺ ልጅ ቃሏን ትስጠንና በፈቃዱን እናብስረው አሉ። ትብለጥ ፊቷን ወደ ጋሽ ሀብተማርያም አዞረች። ኦርደሩን ባነሳው ሽጉጡን እርስዎ ይይዙልኛል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አልይዝልሽም» አሏት። «ትእዛዙ ከተነሳ ንብረቱ ነው፤ ስጡኝ ካለኝ እሰጠዋለሁ፣ ሕጉ ይሄ ነው። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ነገ ብሞት ማን ይይዝልሻል? አታንሺው።»

ጋሽ ክፍሌ ብድግ አሉ። ስንት ዓመት መንግሥት እጁን ከሰው ቤት ያውጣ እያልክ ጆሯችንን ያደነቆርክ አንተ አይደለህም ወይ አሉ። ጋሽ ሀብተማርያም አልተቆጡም። አሁንም እላለሁ አሉ። ከዚያ ለትብለጥ ይሁን ለራሳቸው ባልለየ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«እናቴ ጠመንጃውን ብቻ የሚወስዱላት መስሏት ነው የሄደችው። ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። እነሱ ሁለቱንም ወሰዱ። አንቺ የሄድሽበት ዳኛ ሁለታችሁንም ሰማ፣ መሣሪያውን አስወጣልሽና ሰውየውን ተወው። ልጅሽ አባት አላት። ይህን አልቀበልም ብዬ ስከራከር የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ክፍሌ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። እስከ ዛሬ አያናግሩንም። ትብለጥ አልቅሳለች፤ እሺም እምቢም ግን አላለችም። ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ጋሽ ሀብተማርያምን ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«እናትዎ ከዚያ በኋላ እንዴት ሆኑ?»

ጋሽ ሀብተማርያም የበሩን መቃን ተደገፉ።

«ለቅሶው ቤት ተኛች» አሏት። «ሰው ሞልቶ፣ እየተለቀሰ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ያልቀሰቀሳት የለም። ትነቃና ነጠላዋን አስተካክላ መልሳ ትተኛለች። ሐዘን ነው አልን፤ ድንጋጤ ነው አልን። አክስቶቼ አፈሩባት። እንደዚያ ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር።»

ትብለጥ ሰኞ ፍርድ ቤት አልሄደችም። ትእዛዙ እንዳለ ነው። በዚያው ሰኞ ጋሽ ሀብተማርያም ለበፈቃዱ ራሳቸው ደውለው መያዣህን ፖሊስ ጋ አስገባዋለሁ አሉት። የተሳደበውን ስድብ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁት። እስኪጨርስ አዳመጡትና ደህና ሁን ልጄ ብለው ዘጉ።

እኔ ነዳሁ። ፖሊስ ጣቢያው ቀድመን ደውለን ስለነበር ዕቃውን ከመኪናው ሳታወጡ ግቡና ንገሩን ብለውን ነበር፤ እንዳሉን አደረግን። አንድ ወጣት ፖሊስ አብሮን ወጥቶ ሽጉጡን ከመኪናው ኋላ አነሳ፣ ባዶ መሆኑን አየ፣ አመሰገናቸው። ጋሽ ሀብተማርያም እጃቸውን አጣምረው ቆመው ቀሩ። ፖሊሱ ሌላ ነገር አለ ወይ አላቸው። ምን እንደሚጠብቁ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እሳቸውንም እስኪወስዳቸው ነበር የሚጠብቁት። ፖሊሱ ግራ ገብቶት መልካም ቀን ብሏቸው ተመለሰ። በሩ ከተዘጋ በኋላም አልተንቀሳቀሱም።

«ስሂን» አሉኝ፣ «አባቴ በሕልሜ ይመጣል። ማን ነገረብኝ ይለኛል። ድሮ አላውቅም እለው ነበር። አሁን ሲመጣ ምን ልበለው?»

እግዜር የማይናገር አፍ አልሰጠኝም። የዚያን ቀን ግን የመኪናውን በር ከፍቼ ይዤላቸው ቆየሁ።

«ተኝታለች ይበሉት» አልኳቸው። «ተኝታለች፣ አትቀስቅሳት ይበሉት።»

ገብተው ተቀመጡ፤ ቀበቷቸውን አሰርኩላቸውና ወደ ቤት ወሰድኳቸው።